ሻማው አልጠፋም

በትንፋሽ የሚጋባው በሽታ ገብቶ ሠርግ በተከለከለ ሰሞን የቬሎ ስፌት ቤቱ ሥራ ቀጥ አለ። ተለክተው የሄዱ ሙሽሮች ተመልሰው አልመጡም። ነጩ ጨርቅ በጥቅል በጥቅሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ እስከ ወገቡ የተሰፋ አንድ ቬሎም ጭንቅላት በሌለው አሻንጉሊት ላይ ተንጠልጥሎ አቧራ ይጠጣ ጀመር። ባለቤቲቱ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። ሠራተኞቿ ማዳም ነው የሚሏት፤ ፊት ለፊቷ አንቱ ይሏታል፣ ከፍርሃታቸው ብዛት በሌለችበትም አንቱ ይሏታል። እኔ ደመወዟን ስለማልበላ አንቱታውን ትቼ እቀጥላለሁ።

ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይሂድ የሚል ትእዛዝ በወጣ ማግስት ማዳም መቀሷን አነሳችና ያንን ቬሎ ከጅራቱ ጀምራ ቆራረጠችው። «ሙሽራ ከጠፋ ምን ይደረግ! አፍ የሌለው ሰው እንደሆነ የለም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ጭምብል ይሰፋ ጀመር።

መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን በተቀመጡት ሁለት የስፌት መኪናዎች ላይ እህትማማቾች ነበሩ የሚሠሩት። ታላቂቱን ጡሩምባ ይሏታል። ስትስቅ ታች መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ቀና ብሎ ያያል፤ ስታስነጥስ መርፌ የያዘች ሁሉ ደንግጣ ጣቷን ትወጋለች። ታናሺቱ ሚጢጢ ናት። ሚጢጢ ልጅ ሳለች ሳምባዋን ታማ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ከዚያ ወዲህ ትንፋሿ አጭር ነው፤ አትዘፍንም፣ አትሮጥም፣ ሻይ ሲያቃጥላት እንኳ እስኪበርድ ትጠብቃለች እንጂ እፍ አትልም።

እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት ጡሩምባ ናት። ስፌት ያስተማረቻት እሷ፣ ማዳም ዘንድ ያስቀጠረቻት እሷ፣ ከሚኖሩባት አንድ ክፍል ውስጥ ነፋስ የማይደርስበትን አልጋ የለቀቀችላት እሷ። ስትቀጠር ማዳም «ጤናሽስ?» ብላ ስትጠይቅ ሚጢጢ አፏን ሳትከፍት «ብረት ናት፣ ብረት!» ያለችውም እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ሲወጡ ጡሩምባ በየመታጠፊያው ቆም ትልና አንድ ወሬ ትጀምራለች። ወሬው ሰበብ ነው፤ ሚጢጢ እንድታርፍ ነው። ሰው የሚያያት ግን ለወሬ ሟች አድርጎ ነው፤ እሷም እንዲያ ይበሉኝ ብላ ትታዋለች።

ጡሩምባ በምላሷ ብትቀልድም በእጇ አትቀልድም ነበር። ጭምብል ስትሰፋ ሦስት ድርብ ታደርጋለች፦ ውጭው ጠበቅ ያለ ጥጥ፣ መሀሉ የቬሎ ገበር፣ ከንፈር የሚነካው ደግሞ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ አንሶላ። አፍንጫው ላይ ተጣጥፋ የምትጣበቅ ቀጭን ሽቦ ታስገባለች። «የሰው ነፍስ መሸፈኛ ነው የምንሰፋው፣ የድስት ክዳን መሰላችሁ?» ትላለች። ሚጢጢ ሁለት ድርብ ነው የምትሰፋው። ሦስቱ ለራሷ ሲያፍናት ሰውን ሁሉ የሚያፍን ይመስላታል። ስፌቷ ግን ሲያዩት ደስ ይላል፤ ሽንሽኑ ተስተካክሎ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ፣ ክሩ የት እንደጀመረና የት እንዳለቀ አይታወቅም። ገዢውም ሲመርጥ ድርብ አይቆጥርም። «ከሸሚዜ ጋር የሚሄድ አለሽ?» ነው የሚለው።

ማዳም ጡሩምባን አትወዳትም ነበር። አንድ ቀን ጡሩምባ፣ ማዳም ወጣች ብላ አረማመዷን እያስመሰለች ስትሄድ፣ ማዳም ለካ ቁልፍ ረስታ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች። ሌሎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ማዳም ምንም አላለችም። እንዲህ ያለች ሴት ዝም ስትል ነው መፍራት።

ከዚያ ገበያው ቀዘቀዘ፤ በየጉራንጉሩ ጭምብል የማይሰፋ ጠፋ። ማዳም ሁሉንም ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ሻማ ለኮሰች።

«ጥሩ ማስክ ያደረገ ሰው ሻማ እፍ ቢል አይጠፋለትም» አለች። ከየት እንደሰማችው እንጃ። «እያንዳንድሽ የሰፋሽውን አድርገሽ እፍ ትያለሽ። ያጠፋች ትሄዳለች። ሁላችሁንም ላኖር አልችልም። ኋላ ማዳም በደለችኝ እንዳትሉ፤ የሚፈርደው ሻማው ነው።»

ሴቶቹ ተራ ያዙ። የፈራ ሰው ትንፋሹም ይፈራል፤ የመጀመሪያዋ እፍ አለች፣ ነበልባሉ ተወዛወዘና ቆመ። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ጡሩምባ ስትቀርብ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ስፌቷን ታምነዋለች፤ ፍርሃት የሚባል አልነበራትም። ደረቷን ነፍታ፣ ጉንጯ ጭምብሉን እስኪወጥረው ድረስ በሙሉ ሳምባዋ እፍ አለች።

ሻማው ጠፋ።

«ኧረ ቆይ፣ ያ የጉራ ትንፋሼ ነው፤ እንደ ሰው ልተንፍስና ልድገመው» አለች እየሳቀች።

«አይደገምም» አለች ማዳም፤ ክብሪት ጫረችና ወደ ሚጢጢ ዞረች። «አንቺ።»

ሚጢጢ ቀረበች። እፍ አለች። ነበልባሉ ጎንበስ አለና ቀና አለ።

«ድገሚው።» ደገመችው። አሁንማ ጎንበስም አላለ። «ጠንከር አድርጊ!» ጠንከር አደረገች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ነፋች። ሻማው ምን ሲደረግ! ማዳም ጭምብሉን ከፊቷ ላይ በሁለት ጣቷ አውልቃ ለሁሉም ከፍ አድርጋ አሳየች። «አያችሁ? ስፌት ማለት ይሄ ነው።»

ጡሩምባ እህቷን አየቻት። አፏን ልትከፍት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አንዲት ቃል ይበቃት ነበር፤ «እህቴኮ ትንፋሽ የላትም» ብትል ጨዋታው ሁሉ ይፈርሳል። ግን ያ በሽታ አገር ምድሩን ሲያምስ፣ ሳምባዋ የደከመ ሴት መሆኗ ከታወቀ ማን ደጁ ያስገባታል? ይህን ሁሉ ለማሰብ ለጡሩምባ የፈጀባት መቀሷን ከጠረጴዛ ለማንሳት የፈጀባትን ያህል ነው። «ሻማ ማጥፊያ ካስፈለጋችሁ ላኩብኝ እንግዲህ» አለች። ሁሉንም አሳቀቻቸው፣ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ድምፅዋ እስከ ታች ይሰማ ነበር።

ሚጢጢም ቃል ነበራት፤ «የኔ እኮ ሁለት ድርብ ብቻ ነው» ማለት። የእሷ ቃል ደግሞ ከእህቷ ቃል ይልቅ ቀላል ነበረች። አንገቷን ደፋች፤ ሲደፋ የዋለ አንገት ይለምዳል መሰለኝ ከዚያ በኋላ ቀና አላለም።

በማግስቱ ማዳም ሚጢጢን ከመኪናዋ አስነስታ ለብቻዋ ጠረጴዛ ሰጠቻት። ነጭ ካፖርት አለበሰቻት። «ከዛሬ ጀምሮ መርማሪያችን ነሽ» አለቻት። ሚጢጢ ከየጥቅሉ አንድ አንድ ጭምብል እየመዘዘች አድርጋ ሻማ ፊት እፍ ትላለች፤ ካልጠፋ ጥቅሉ ያልፋል። ሌላ ሰው እንዳይሞክር ማዳም ከለከለች፤ አንድ አፍ የነካውን ሌላ አፍ እንዳይነካው፣ ለጤና ነው አለች። ለጤና!

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሚጢጢ አፍራለች፤ አላፈረችም ብዬ አልዋሽባትም። ቤት ስትገባ እህቷን ቀና ብላ ማየት ይጨንቃት ነበር። ጡሩምባ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፍለጋ ዞራ ስትመጣ የዞረችበትን ደጅ ሁሉ እያስመሰለች ታስቃታለች፤ የእንቢታውን ብዛት ሳይሆን የበረኞቹን አኳኋን ነው የምታወራላት። ሚጢጢ ስትስል ብቻ ሳቋን ታቆማለች። «ጭሱ ነው፤ የዛን የሻማ ጭስ ነው የምትውጪው» ትላለች።

እፍረት ግን ነጭ ካፖርት ሲለብስ ይደርቃል። ሴቶቹ ሥራቸውን ይዘው ሚጢጢ ፊት ሲቆሙ፣ ዓይን ዓይኗን ሲያዩ፣ «አለፈልኝ?» ሲሏት፣ አንድ ነገር ሆዷ ውስጥ ይሞቃት ጀመር። ዕድሜዋን ሙሉ የጡሩምባ እህት ነበረች። አሁን ሰው በራሷ ነው የሚያውቃት። እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው ያ የመጀመሪያው ቀን በሐሳቧ ውስጥ ተቀየረ። ሁለት ድርብ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ጨርቁ ጠበቅ ያለ ነበር፤ ስፌቱም ጥቅጥቅ ያለ ነበር። ማዳም ዝም ብላ ታሞግሳለች እንዴ? አንድ ማታ ራት ላይ ጡሩምባ ስለ ጭሱ ደግማ ስታነሳባት ሚጢጢ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ሥራዬን ተይልኝ። የኔ ያልጠፋው እኮ ስፌቱ ስለሆነ ነው። ያንቺ ልል ነበር። አይ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት።»

 ጡሩምባ የእህቷን ሳሕን ከራሷ ሳሕን ላይ ደረበች፣ ተነሳች። «ሊሆን ይችላል» አለች። «እጄ ሰሞኑን ፈጠን ፈጠን ይል ነበር።» ከዚያ ደጅ ካለው ቧንቧ ጋ ሄዳ ሁለት ሳሕን ለማጠብ የማይገባ ጊዜ ቆየች።

ማዳም በዚህ መሀል ሌላ ሐሳብ ነበራት። መጀመሪያ ሽቦው ቀረ። ሚጢጢ እፍ አለች፤ ሻማው አልጠፋም። የመሀሉ ገበር ቀረ፤ አልጠፋም። ቀጥሎ የውስጡ አንሶላ ቀረና ስስ የቬሎ ጨርቅ ብቻውን፣ በላስቲክ ተወጥሮ፣ ጭምብል ተባለ። ብርሃን ላይ ቢይዙት በማዶ ያለው ሰው ቅንድቡ ይቆጠራል። ሚጢጢ አድርጋ እፍ አለች። አልጠፋም። በካውያ የምትተኩሰው ሴትዮ እና መኪና ላይ ያሉት ተያዩ። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም፤ ሁሉም ቤት ልጅ አለው፣ ሁሉም ቤት የሚበላ አፍ አለ። ሚጢጢም የራሷን ጣቶች እያየች፣ ስስ ጨርቅም ቢሆን ሽመናው ጥሩ ከሆነ፣ እያለች ታስባለች።

በመጨረሻ ትልቁ ገዢ መጣ። የጽዳት ሠራተኞች ቀጥሮ ለሆስፒታሎች የሚያሰማራ ድርጅት ነው የላከው፤ ደንገዝገዝ ያለ መነጽር ያደረገ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰውዬ። ማዳም ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችው። ሚጢጢ ካፖርቷን አስተካክላ ስሱን ጭምብል አጠለቀችና ሻማው ፊት ጎንበስ አለች። እፍ። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ። «በሉ ሻማዋን አጥፏትና ወረቀታችንን እንጨርስ።»

ሚጢጢ ልማድ ሆኖባት፣ ደስም ብሏት፣ ጭምብሉን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ እፍ አለች።

አልጠፋም።

ጠጋ ብላ ደገመች። ነበልባሉ ተወላገደና ተመለሰ። ሦስተኛ ስትሞክር ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲር አለ፤ ሳል ያዛት፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ከንፈሯ እስኪጠቁር ሳለች። ሻማው ፊቷ ላይ ይበራል። ክፍሉ ውስጥ የሚሠራ መኪና አልነበረም።

ሰውዬው ሻማውን አየ፣ ሴቲቱን አየ፣ ስሱን ጨርቅ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገ። ገባው። እንዴት አይገባውም! አሁን ይቆጣል፣ አሁን ወረቀቱን ቀዶ ይጥላል ብላ ሚጢጢ ዓይኗን ጨፈነች። ሰውዬው ግን ጣቱን ምራቁን አስነክቶ ነበልባሉን ቆንጥጦ አጠፋውና ወደ ማዳም ዞረ።

«እንግዲህ ዋጋው ላይ ትንሽ ይተባበሩኛል» አለ።

ማዳም ተባበረች።

ሰውዬው ሲወጣ ማዳም ሚጢጢን ወደ ጓዳ ጠራቻት። «እፍ በዪ ማን አለሽ? ጣት የለሽም?» አለች በሹክሹክታ። ሹክሹክታዋ ከጩኸቷ የባሰ ነው።

«ያውቁ ነበር?» አለች ሚጢጢ።

«መጀመሪያማ እኔም ስፌትሽ መስሎኝ ነበር።» ማዳም እንደ መሳቅ አለች። «እህትሽ ናት የነገረችኝ። ካፖርቱን ባለበስኩሽ ማግስት ላዬ ላይ መጣች። ሥራዬን መልሱልኝ ልትል ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅኋት። እሷ እቴ! ‹ማዳም በሞቴ፣ ሻማ ፊት አያስቀምጧት፤ ልጅ ሆና ሳምባዋን ታማለች፣ ጭሱ ይገድላታል፣ ወደ መኪናዋ ይመልሷት፤ እኔ እንደነገርኩዎትም አይንገሯት› ብላ እግሬ ላይ ልትወድቅ። ያኔ ነው ምን እንዳገኘሁ የገባኝ። አገሩን ባስስ እንዳንቺ ያለ መርማሪ ከየት አመጣለሁ?»

ሚጢጢ ቀኑን ቆጠረች። ካፖርት በለበሰች ማግስት። እንግዲያው «ያንቺ ልል ነበር» ያለቻት ማታ፣ እህቷ ማዳም እግር ላይ ወድቃ ከተነሳች ሰንብታለች። ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ነው «ሊሆን ይችላል» ያለቻት።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለች ማዳም። «በሩ ያው፤ ጠረጴዛሽም ያው።»

እዚህ ላይ ሚጢጢ ካፖርቷን አውልቃ ማዳም ፊት ላይ ጣለችው ብዬ ባወራ እኔም ደስ ባለኝ። አልጣለችውም። አፍንጫዋን ጠራረገች፣ ወጥታ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠች፣ ክብሪቱን አነሳች። የዚያ የጽዳት ድርጅት ጥቅል በሙሉ በእሷ እጅ አለፈ።

ቤት ስትገባ ለእህቷ ምንም አልነገረቻትም። ልንገራት ብላ ሦስት አራት ጊዜ አፏን ከፍታለች፤ ጡሩምባ ግን የራሷ የምሥራች ነበራት። ሥራ አግኝታለች። የሆስፒታል ወለል መወልወል ነው፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ግን ሥራ ነው። ባልዲ ስትገፋ ምን እንደምትመስል ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች አሳየቻት። ሚጢጢም ሳቀች፤ መሳቅ ከመናገር ይቀላል።

ጥቂት ሰንብቶ አንድ ጠዋት ሁለቱም ለመውጣት ሲሰናዱ ጡሩምባ ከቦርሳዋ አዲስ ጭምብል አወጣች። ጥጉ ላይ የድርጅቱ ምልክት ታትሞበታል። መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ብርሃን ያዘችው። ጨርቁን አወቀችው፤ ስንት ሙሽራ ከዚያ ጥቅል በገዛ መቀሷ ቆርጣ ድራለች።

«ትናንት አደሉን። ይሄን ያላደረገ በር ላይ ይመለሳል» አለች። «ከናንተ ነው አይደል?»

«ከኛ ነው።»

«አንቺ ነሽ ያሳለፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ጡሩምባ በሌላ እጇ የራሷን ባለ ሦስት ድርብ ይዛለች። «ያለሁበት ክፍል ይሄ በሽታ የያዛቸው የተኙበት ነው። የራሴን ከሥር ልደርብ አስቤ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ስወለውል ግን ሁለቱ አንድ ላይ ያፍነኛል። እውነቱን ንገሪኝ፣ ይሄ ብቻውን ደህና ነው?»

ስፌት ለእሷ ማን ያስተምራታል? አንድ ስስ ጨርቅ ብቻ መሆኑን ጣቷ ነግሯታል። የምትጠይቀው ስለ ጨርቁ እንዳልሆነ ሚጢጢም አውቃለች። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመዋል፣ የጎደለው አንድ «አይደለም» ብቻ ነው። ግን «አይደለም» ካለች ለምን የሚለው ይከተላል፤ ከለምን ኋላ ሻማው፣ ከሻማው ኋላ ያ ራት፣ ከራቱ ኋላ ማዳም ጓዳ ውስጥ የነገረቻት ሁሉ ይመጣል። ሚጢጢ ነጭ ካፖርቷን ክንዷ ላይ አጥፋ ይዛ ነበር። እጥፋቱን አስተካከለች።

«ደህና ነው፣ እትዬ» አለች።

ጡሩምባ አየቻት፤ የቀረ ነገር ካለ ብላ ትንሽ ጠበቀች። የቀረ ነገር አልነበረም። የራሷን ጭምብል አልጋው ላይ አስቀመጠች። ስሱን አጠለቀች፣ ላስቲኩን ጆሮዋ ላይ አስተካከለች። ከጨርቁ ሥር አፏ ሲንቀሳቀስ ከነከንፈሯ ይታያል።

«አንቺ ደህና ነው ካልሽ ደህና ነው» አለች። በሩን ከፍታ ወጣችና አንገቷን መለስ አደረገች። «ምሳሽን ቋጥሬልሻለሁ፤ መደርደሪያው ላይ ነው። ሳትበዪ እንዳትውዪ።»

ሚጢጢ ምሳዋን ይዛ ሥራ ገባች። ቀትር ላይ ሻማዋን በጣቷ አጥፍታ ቋጠሮውን ፈታች፤ እህቷ ከራሷ ድርሻ ቀንሳ የጨመረችላት እንደሆነ ሲታይ ያስታውቃል። ሁሉንም በላችው። ይጣፍጥ ነበር።